የደጀን መስመር

ቢቸና፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለወይንእሸት
ሞጣ፣ በእህትሽ በአምሳለች ቤት

የሞጣ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጋቢሽን ትተሽው ስለሄድሽ አጥቤ አስይዤልሻለሁ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ግን አትዘርጊው። የሚያመጣልሽ ባየ ነው፤ ከአካለ ወልድ ጋር የተማረው፣ አሁን በኅብረት ሥራ ዩኒየኑ የኔትወርክ ሥራ የሚሠራው ረጅሙ ባየ። ምሳ አብይው። በደብዳቤው ውስጥ ያለውን አላነበበም፤ ቢያንስ አላነበበም ብዬ አምናለሁ።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልኩን ስለዘጋሽብኝ ነው። የአካለ ወልድን የክርስትና ስም ስጠይቅሽ «ልጄ መተማ ነው» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀጂው እንኳ መጀመሪያ ታነቢዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። ያንኑ ጥያቄ መጨረሻው ላይ እደግመዋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ ግን በተራ አንብቢ፣ አትዝለዪ። ሰው ከመሃል እየዘለለ ሲያነብ ምን ያህል እንደሚያናድደኝ ታውቂያለሽ።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣራ አስጠግኛለሁ፤ ሠራተኛው ቆርቆሮውን አጣሞ ስለመታው አስነቅዬ እንደገና አስመታሁት። ዘይቱኑ አፍርቷል፤ የሚበላው ሰው ስለሌለ ወፍ ጨረሰው። የአካለ ወልድን ክፍል በር አንቺ እንደተውሽው ገርበብ አድርጌ ነው ያቆየሁት፤ አልከፍተውም፣ አልዘጋውምም። ከሰዓት በኋላ ከኮሌጅ ስመለስ የኬብል መጭመቂያው ድምፅ ይሰማኛል። ቀጭ፣ ቀጭ። ስምንቱን ሽቦዎች ደርድሮ ጫፉን ሲጫነው የነበረው ድምፅ። በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልሆንሁ ምስክሬ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ገብቼ አየሁ፤ መጭመቂያው ጠረጴዛው ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ወጥቼ ጫማዬን ሳወልቅ እንደገና ሰማሁት።

ከተማው ደግሞ ሌላ ነገር ሆኗል። ገበያ ስወጣ «አካለ ወልድ ደወለ ወይ?» ይሉኛል። ሲጠይቁኝ ግን ዓይኔን አያዩም። የምገዛውን ሽንኩርት ነው የሚያዩት።

አሁን ስለ ራውተር፣ ቢሮዎችን በኔትወርክ ስለሚያገናኘው ማሽን፣ ልጽፍልሽ ነው። «ደግሞ ጀመረው» እንዳትዪ። ያየሁትን በሌላ መንገድ ላስረዳሽ አልችልም።

ባለፈው ሰኔ እራት ላይ እኔና አካለ ወልድ ስንከራከር የሆነውን ታስታውሻለሽ? ዩኒየኑ የደጀንን፣ የቢቸናን፣ የደብረ ወርቅንና የሞጣን ቢሮዎች በኔትወርክ ሊያገናኝ ነበር፤ ሥራውን የወሰደውም እሱ ነበር። የተገዙት ራውተሮች አሮጌ ስለነበሩ ሪፕ የሚባለውን የቆየ ስልት ልጠቀም አለኝ። አንቺ «ምንድነው እሱ?» አልሽና እኔ ልነግርሽ ጀመርሁ። በዚህ ስልት ራውተር አገሩን በሙሉ የሚያይበት ካርታ የለውም። ስለ አንድ ቦታ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ስንት ራውተር እንደሚታለፍና በየትኛው ጎረቤት በኩል እንደሚኬድ። በየሰላሳ ሰከንዱ የሚያውቀውን ሁሉ ለጎረቤቶቹ ይናገራል። ጎረቤትም የሰማውን ሳይጠራጠር ይቀበላል፤ በሰማው ቁጥር ላይ አንድ ጨምሮ የራሱ እውቀት አድርጎ ለሚቀጥለው ያወራል። ደጀንን በቅርብ የሚያውቀው ቢቸና ነው። ደብረ ወርቅ ከቢቸና ይሰማል፣ ሞጣ ከደብረ ወርቅ። ሞጣ ደጀንን አይቶ አያውቅም፤ ግን «ደጀን አለ፣ ይህን ያህል ይርቃል» ይላል።

አንቺ ጭልፋውን እንደያዝሽ፣ «ታዲያ ይሄ ሐሜት አይደል እንዴ? ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ስትንከራተቱ የኖራችሁት?» አልሽን።

እሱ ሳቀ። «እማዬ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። በወሬ መንገድ ማወቅ» አለሽ።

እኔ ተቆጣሁ። ሐሜት ርቀት አይቆጥርም ብዬ ተከራከርኋችሁ። ተሳስቼ ነበር፤ ይቆጥራል። ወደዚያው እመጣለሁ።

ሪፕን ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከኮምፒዩተርሽ ወደ ራውተሩ በኬብል ትገቢያለሽ፤ ያ የአካለ ወልድ ሰማያዊ ጠፍጣፋ ኬብል፣ ኮሌጅ ውስጥ እንዳይለወጥበት ጫፉ ላይ ቀይ ክር የጠመጠምሽለት። «ራውተር ሪፕ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። «ቨርዥን ቱ» ትያለሽ። የትኞቹ መረቦች እንደሚነገሩ ትዘረዝሪያለሽ፤ አድራሻዎቹን በራሱ ፈቃድ እንዳያጠቃልልም ትከለክይዋለሽ። ጥቂት መስመር ነው። ተማሪዎቼ ይህን ጽፈው መንገዶቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ሲያዩ ሥራው አለቀ ብለው ይነሣሉ። እኔም እንዲቀመጡ እጮህባቸዋለሁ። መንገድ መማር ለማንም ቀላል ነው። ራውተር የሚቸገረው መንገድ ሲቆረጥ መርሳት ነው።

እንዲረሳ የሚረዱት ሦስት ጠባቂዎች አሉት። አንደኛው፣ ከአንድ ጎረቤት የሰማኸውን መልሰህ ለዚያው ጎረቤት አታውራ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መንገድ ሲቆረጥ ዝም አትበል፤ አስራ ስድስት ብለህ ለሁሉም ተናገር የሚል ነው። በሪፕ ሕግ አስራ ስድስት ማለት መድረሻ የለውም ማለት ነው። ሦስተኛው፣ ይህን ከሰማህ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ማንም መጥቶ «አለ» ቢልህ አትመን የሚል ነው።

ጥቅምት ላይ የዩኒየኑ ሰዎች ጠሩኝ። ደጀን ቢሮ መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ወድቋል፤ የእኛው ማሽን ግን ደጀን አለ ይላል አሉኝ። ሄጄ ቢቸና ቢሮ ባየ አጠገብ ተቀመጥሁ። እውነትም ራውተሩ ደጀን አለ ይላል። በደብረ ወርቅ በኩል፣ ርቀቱ ሦስት። ደጀን ወደ ደቡብ ነው፣ ደብረ ወርቅ ወደ ሰሜን። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ስጠይቀው አምስት አለ። ከዚያ ሰባት።

ባየን «ምን ነካክተሃል?» አልሁት።

«መምህር፣ ቢቸናና ሞጣ እንዲሰማሙ ብዬ ነው» አለኝ። «ደብረ ወርቅ ላይ ሁለቱም በአንድ አንቴና ነው የሚገቡት። በዚህ በኩል የሰማሁትን በዚሁ በኩል አላወራም እያለ አንዱን ከአንዱ ደበቀብኝ። ከለከልሁትና ሠራ።»

«አትመን የሚለውን ሰዓትስ ለምን ዜሮ አደረግኸው?»

«አዲስ ነገር ቶሎ እንዲሰማ ብዬ።»

ጮኽሁበት። ጸሐፊዋ ከወዲያኛው ክፍል ብቅ እስክትል ድረስ ጮኽሁበት። ለያንዳንዱ ቅርንጫፍ የየራሱን መስመር መለየት እያለ፣ የማይፈልገውን ሕግ ነቅሎ የሚጥል ባለሙያ ምን ዓይነት ባለሙያ ነው አልሁት። እሱ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «አካለ ወልድ ቢኖር ይነግረኝ ነበር» አለ።

ቢኖር አለ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ሰማው፤ አንገቱን ደፋ። ስለ ልጃችን እንደዚያ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለባየ አፍ ግን አዲስ አልነበረም። በሌላ ቤት፣ በሌላ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ያለው ነገር ነው።

በአንድ ትእዛዝ ያንን መስመር ልሰርዘው እችል ነበር። አልሰረዝሁትም። ተቀምጬ አየሁት። የሚሆነው ይህ ነው፤ ደብረ ወርቅ «ደጀን በእኔ በኩል አለ» ይላል። የሚለው ቀድሞ ከቢቸና የሰማውን ነው። ቢቸናም ይህን ሲሰማ ከሌላ የመጣ አዲስ ዜና ይመስለውና አንድ ጨምሮ መልሶ ይነግረዋል። ደብረ ወርቅም አንድ ይጨምራል። ደጀን የሚባለው ቦታ ከሁለቱ ወሬ በቀር በየትም የለም፤ በሁለቱ መካከል ግን አለ፤ በየዙሩ እየራቀ። ዘጠኝ። አስራ አንድ። አስራ ሦስት። ባየ ሻይ አስመጣልኝ፤ አልነካሁትም። አስራ አምስት ሲል እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ አስራ ስድስት ሞላና ጠፋ። የሠሩት ሰዎች ማለቂያ የሌለውን ነገር አስራ ስድስት ላይ ያቆሙት ለዚህ ነው፤ ወሬው የሚያርፍበት ቦታ እንዲኖረው።

ወይንእሸት፣ ባዶውን መስመር እያየሁ አንቺን አሰብሁ። ሐምሌ ላይ ደብረ ወርቅ ታየ አልሽኝ። ነሐሴ ላይ ሞጣ አልሽኝና ጓዝሽን ይዘሽ እህትሽ ዘንድ ሄድሽ። ለመስቀል ባሕር ዳር ነው አልሽኝ። ከዚያ ጎንደር። አሁን መተማ። አንድም ጊዜ ቀርቦ አያውቅም። እየራቀ ነው። ከመተማ ቀጥሎ ምን እንዳለ ጂኦግራፊ አስተምሬሽ አላውቅም፤ አንቺም አይጠፋሽም።

በማግስቱ ደብረ ወርቅ ሄድሁ፤ የአንቴናውን ነገር ላስተካክል፣ የወሬውንም ጫፍ ልይዝ። አምሳለች ወሬውን ሁሉ የምትሰማው ሰማው ከሚባለው፣ መናኸሪያው ላይ ሚኒባስ ከሚያስጭነው ሰው እንደሆነ ነግረሽኛል። አገኘሁት። ተናድጄ ነበር የሄድሁት፤ ሰውዬው ግን ሲያየኝ ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀልኝ። ሐምሌ ላይ በዓይኑ እንዳየው ማለልኝ። አንቴናውን ሰቅሎ ወርዶ ምሳ አብረው በልተዋል፤ ሽሮው ጨው በዛበት እያለ ሲቀልድ ነበር አለኝ። አመንሁት። የአንቺ ልጅ ጨው ሳያማ አይበላም።

«ከዚያ ወዲህስ? ሞጣ ታየ፣ ባሕር ዳር ታየ ያልኸው ከማን ሰምተህ ነው?» አልሁት።

«ከቢቸና ከሚመጡ ተሳፋሪዎች።»

«እነሱስ ከማን ሰሙ?»

ሰማው እንደ ማፈር ብሎ፣ «መምህር፣ አትቆጡኝና ከእርስዎ ነው» አለኝ። «አባቱ ራሱ ገበያ ላይ ባሕር ዳር ታየ የሚባለው እውነት ነው ወይ እያለ ይጠይቃል አሉኝ። አባት ባያውቅ አይጠይቅም ብዬ ነው።»

እኔ ደግሞ የጠየቅሁት አንቺ በስልክ ስለነገርሽኝ ነው። አንቺ የሰማሽው ከአምሳለች ነው። አምሳለች ከሰማው። ሰማው ከእኔ። አንዱ እውነት የሐምሌዋ ምሳ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእኛ መካከል የሚዞር ነው። ከመካከላችን አንድም ሰው አልዋሸም። ብትዋሹ ይሻለኝ ነበር፤ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር።

ሰማው ሲሸኘኝ ሚኒባሱን ተደግፎ፣ «እኛማ ለእናቱ ብለን ነው» አለ። ምኑን ለእናቱ ብለው እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አሁን በዝግታ አንብቢ።

ከደብረ ወርቅ ተመልሼ ደጀን ወረድሁ። የደጀኑን ራውተር ማየት ነበረብኝ። የቢሮው ዘበኛ ሽማግሌ ነው፤ ፈንታዬ ይባላል። አባቱ ነኝ ስለው ቆሞ ቆብ አወለቀልኝ። እሱ እንደነገረኝ፣ በዚያ በሐምሌው ሳምንት፣ የስልክ መስመር በጠፋበት ሰሞን፣ አካለ ወልድ ከደብረ ወርቅ ተመልሶ ደጀን መጥቶ ነበር። በኋላ ባየ የተካው የራውተሩ የኃይል ማስተላለፊያ ተቃጥሎበት ሌላ ሊገዛ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሣ። አውቶቡስ አጣ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ አገኘና ተሳፈረ። ዘበኛው ራሱ ቦርሳውን አቀብሎታል። «ነገ ማታ እመለሳለሁ፣ ለቤት ስልክ ስለሌለ አልነገርሁም፣ ሳይሰሙ እደርሳለሁ» አለው። ከሐምሌዋ ምሳ ወዲህ በማንም ወሬ ያላለፈ ነገር ስለ እሱ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ደቡብ ነው የሄደው፣ ወይንእሸት። ባሕር ዳርም ጎንደርም ሰሜን ናቸው።

ወደ ዓባይ ድልድይ ወረድሁ። ቁልቁለቱን ታውቂዋለሽ፤ ስንወርድ አንቺ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። በሐምሌ ጭጋግ ስለወደቀው አይሱዙ መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ያውቃሉ። ውኃው የወሰደውን ወስዷል። ያልወሰደውን የአገሩ ሰው በቃሬዛ አውጥቶ አፋፉ ላይ ባለችው ኪዳነ ምሕረት አሳርፏል። ቄሱ አባ ገብረ ኪዳን ይባላሉ። የማንም ዘመድ ሳይመጣ በሥርዓት አደረጉት፤ ነጠላ የሰጠ አለ፣ ድንጋይ ያነጠፈ አለ። እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ይህን ያህል ጠብቄ አላውቅም።

የተረፈውን ዕቃ ዕቃ ቤት አስቀምጠውታል። አወጡልኝ። ከዕቃው መካከል አንዱን ለየሁት። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

አባ አጠገቤ ቆመው፣ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ እያልን ነው የጸለይነው» አሉኝ። «አሁን አባት መጣ። ስሙን ንገረኝና በስሙ ልጥራው።»

«አካለ ወልድ» አልኋቸው።

«ይህ የቤት ስሙ ነው። የተጠመቀበትን።»

በዚህ ዕድሜዬ ምንጩን ሳልጠይቅ አንድ ነገር ያልተቀበልሁ ሰው፣ ልጄ በእግዚአብሔር ፊት ማን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም። ክርስትና ሲነሣ እኔ ለትምህርት ባሕር ዳር ነበርሁ። ከእሱ በፊት የነበረችዋ ካመለጠችሽ በኋላ፣ «ስሟን ሰው ሰማው» ብለሽ ስለደመደምሽ የእሱን ለማንም አልተናገርሽም። ስመለስ ብለምንሽ እምቢ አልሽ፤ ባላምንበትም አንቺ ዕንቅልፍ እንድታገኚ ብዬ ተውሁት። የክርስትና አባቱም የንስሐ አባታችንም ዛሬ የሉም። ስሙ ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።

ስልኩን ለምን እንደዘጋሽው ገብቶኛል። በዚያች ደቂቃ ተናድጄ ግድግዳውን መትቻለሁ፤ እጄ አሁንም ያመኛል። ከዚያ ግን ገባኝ። «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ» የሚል ሰው ለምን እንደሚጠይቅ የማታውቅ የጎጃም ሴት የለችም። ስሙን ካላወጣሽ ማንም ሊጠራበት አይችልም። ካልተጠራበት ደግሞ መተማ አለ፤ ነገ ሱዳን ይኖራል፤ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ። ለእኛ አስራ ስድስት የሚባል ቁጥር አልተሠራልንም፤ እኛው ካልተናገርነው በቀር ሲርቅ ይኖራል። እኔም ብሆን አንቺን ከምወቅስ ገርበብ ያለውን በር ልዝጋ።

በአገራችን ወግ እንዲህ ያለው ነገር ለእናት በደብዳቤ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፤ ከተማው ሁሉ አውቆ እናት ብቻ በመጨረሻ ትሰማለች። ሽንኩርቴን የሚያዩት ሰዎች የሚጠብቁት ያንን ነው። ስንት ሰው ሽማግሌ ልሁን ብሎ ለመነኝ፤ እምቢ አልሁ። አንቺ የመጨረሻዋ እንድትሆኚ አልፈልግም። ደብዳቤውን መልሰሽ ብታዪው ግን ያንን አንድ ቃል አታገኚውም። አልጻፍሁትም። አንቺም አትጻፊው።

እንግዲህ ጥያቄዬን እደግማለሁ። ስሙን ላኪልኝ። በትንሽ ወረቀት ጻፊውና ፖስታ ውስጥ አድርገሽ አሽጊው፤ ለባየ ስጪው። እስከ ዛሬ ካልነገርሽኝ ዛሬም እኔ እንድሰማው ግድ የለም። ሳልከፍተው ወስጄ ለአባ እጅ አደርሰዋለሁ። እሳቸው ሲጠሩትም ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ፣ ድምፅ ከማይደርስበት ከወይራው ሥር እቆማለሁ። ይህን የምልሽ እኔ ነኝ፤ የማንንም ቃል ሳያረጋግጥ የማያልፈው ሰውዬ።

ራውተሮቹን አስተካክያለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ለሁለቱም የየራሳቸውን መስመር ለይተን ሰጠናቸው፤ የነቀልናቸውን ሕጎች መለስን። ባየ ራሱ ነው የጻፈው፣ እኔ ቆሜ አየሁ። አልጮኽሁበትም። ደጀን መብራት ሲጠፋበት አሁን ወዲያው ይነገራል፤ ማንም «በእኔ በኩል አለ» አይልም። ሲመለስም ወዲያው ይታወቃል። እሱ የሚመለስ መስመር ስለሆነ ነው።

ወደ ቤትሽ ነዪ። አብረን እንቀመጥ። አምሳለችንም ይዘሻት ነዪ፤ ስለ ወሬው ምንም አልላትም።

የእመቤታችን እናትነት ከአንቺ ጋር ይሁን፤ ኪዳነ ምሕረት ታጽናሽ፣ እኔንም ታጽናኝ።

ባለቤትሽ
ይስማው ፈረደ

አሁን ጋቢውን ዘርጊው። ያን የለየሁትን ዕቃ በመካከሉ ጠቅልዬዋለሁ። ጭቃውን አጥቤለታለሁ፤ ቀዩን ክር ግን አልፈታሁትም።